የፋሲል ግቢ የሚድነው በኖራ ነው



አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። የፋሲል ግንብን ፎቶ ፕሮፋይላችን ላይ ያልለጠፍን ስንቶቻችን ነን? ስለ እድሳቱም ኮሜንት ላይ ስንከራከር ከርመናል። እሺ፣ ያንን ድንጋይ ከድንጋይ አያይዞ ለ400 ዓመት ጥቂት እስኪቀረው ያቆመው ምን እንደሆነስ እናውቃለን?

ኖራ ነው። የአፄ ፋሲል ግንበኞች የኖራ ድንጋይ አቃጥለው፣ ውሃ አጠጥተው፣ ከአሸዋ ጋር ለውሰው ገነቡ። ኖራ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፤ ግን ይተነፍሳል። ግድግዳው በክረምት የጠጣውን እርጥበት በበጋ መልሶ ያወጣል።

ጣልያን በወረራው ዘመን መጣና "ጠገንኩ" ብሎ ሲሚንቶና ብረት አስገባበት። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል፤ በመጨረሻ የሚፈረፈረው ድንጋዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በዩኔስኮ ድጋፍ ያንን ሲሚንቶ እያወጡ በኖራ መተካት ግድ ሆነ። አያችሁ? ሳያውቁ መጠገንም ማፍረስ ነው።

የአድያም ሰገድ ኢያሱን ግንብ ደግሞ አስቡት። ውስጡ በዝሆን ጥርስ፣ በመስታወትና በወርቅ ቅብ ያጌጠ እንደነበር ይነገራል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ ቦምብ ጎዳው። "እንደ ድሮው እናስጊጠው" የሚል አይጠፋም። በምን ማስረጃ? ያላየነውን ጌጥ ፈጥረን ብንለጥፍበት ለልጆቻችን የምናወርሰው የኛን ፈጠራ ነው። የቀረው እንዳይወድቅ ማጽናት ይቀድማል።

እና እኛ ምን እናድርግ? ብዙዎቻችን ዲግሪ ይዘን ቤት ተቀምጠናል፤ እኔም አንዱ ነኝ። ድንጋይ መጥረብና ኖራ መለወስ የሚያውቁ አባቶች ካሉ ሄደን እንጠይቃቸው፣ በስልካችን እንቅረጻቸው፣ ከሥራቸው ሆነን እንማር። ሙያው አብሯቸው ከተቀበረ ነገ ግንቡን ማን ይጠግነዋል? ግድግዳው ላይ ስሙን የሚጭር ካያችሁ "ተው!" በሉት። በድንጋዮቹ መሀል የበቀለ ችግኝ ካያችሁ ራሳችሁ አትንቀሉት፤ ለጠባቂዎቹ ንገሩ። ሥሩ ሲያድግ ድንጋይ ይፈነቅላል።

የአባት ቤት እያፈሰሰ ደጅ ቆሞ "የእገሌ ልጅ ነኝ" ብሎ መፎከር አያምርም። የቤቱ ልጆች ነን ካልን፣ ቤቱን የሚጠግን እጅ ይኑረን።