ጁጂትሱ በጃኬትና ያለ ጃኬት
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በአንድ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ ልናገርበት የተነሣሁት ጉዳይ ትግል ነው። ትግል ስል ጠብ ማለቴ አይደለም፤ ደካማው ብርቱውን በጥበብ ሊያሸንፍ የሚችልበትን ጁጂትሱ የተባለውን ስፖርት ነው። የዚህ ስፖርት ተማሪዎች በሁለት ወገን ተከፍለው ይከራከራሉ። አንዱ ወገን «ወፍራም ጃኬትና ቀበቶ ካልተለበሰ ትምህርቱ አይሟላም» ሲል፣ ሌላው «ካናቴራና ቁምጣ ይበቃል» ይላል። እውነቱ ከማን ጋር ነው?

አስቀድመን ታሪኩን እንመልከት። ጃኬቱ የመጣው ከጃፓን ነው። ጂጎሮ ካኖ እ.ኤ.አ. በ1882 ጁዶን መሠረተ። ከእርሱ ትምህርት ቤት የወጣው ሚትሱዮ ማዬዳ እ.ኤ.አ. በ1914 ብራዚል ገብቶ ጥበቡን አስተማረ፤ በኋላም የግሬሲ ቤተ ሰብ በሪዮ ዴ ጃኔሮ አስፋፋው። ነገር ግን በዚያው ከተማ ለጃኬት መግዣ ገንዘብ ያልነበራቸው ብዙ ወጣቶች «ሉታ ሊቭሬ»፣ ማለት ነፃ ትግል የሚባለውን ያለ ጃኬት ይማሩ ነበር። ሁለቱ ወገኖች ለብዙ ዘመን ተናናቁ፤ ፉክክራቸውም እ.ኤ.አ. በ1991 በቴሌቪዥን እስከ ታየ ግጥሚያ ደረሰ።

አሁን ወደ ጥቅማቸው እንለፍ። ጃኬት የለበሰ ሰው እጅጌውንና ኮሌታውን ይያዛል፤ በገዛ ኮሌታውም ሊታነቅ ይችላል። ጨርቁ አጥብቆ ስለሚይዝ በጉልበት ብቻ መንጥቆ ማምለጥ ያስቸግራል። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እንደሚባለው፣ ጃኬት ትዕግሥትን ያስተምራል። ያለ ጃኬት ግን ላብ ያንሸራትታል። የሚጨበጥ ጨርቅ ስለሌለ አንገትን ወይም የእጅ አንጓን ይዞ ደረትን ከደረት ማጣበቅ ግድ ነው። የዘገየ ሰው ያመለጠውን መልሶ አያገኝም፤ ስለዚህ ይኸኛው ፍጥነትን ያስተምራል።

አንድ ምሳሌ ልጨምር። እ.ኤ.አ. በ1951 ጃፓናዊው ማሳሂኮ ኪሙራ ኤልዮ ግሬሲን በማራካና ስታዲየም ክንዱን ጠምዝዞ አሸነፈው፤ ያ አያያዝ ዛሬ «ኪሙራ» ይባላል። ሁለቱም ጃኬት ለብሰው ነበር። ሆኖም አያያዙ የሚፈልገው የእጅ አንጓን እንጂ ጨርቅን ስላልሆነ፣ ያለ ጃኬትም ይሠራል። እንግዲህ በጨርቅ ላይ የተመሠረተ ዕውቀት ጨርቁ ሲወልቅ አብሮ ይሄዳል፤ በአካል ላይ የተመሠረተው ግን ይቀራል።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው፤ የሚችል ሁለቱንም ይማር። ጃኬት ለመግዛት አቅም የሌለው አባት ልጅ ግን ከበር አይመለስ፤ በካናቴራ ይጀምር። የለበሰው ያልለበሰውን አይናቅ፤ ያልለበሰውም በለበሰው አይሣቅ። ለሁለቱም አንድ ሕግ አላቸውና፤ ጓደኛህ በእጁ መታ መታ ሲያደርግህ ወዲያው ልቀቀው። ይህን ያላወቀ፣ ቀበቶው ጥቁር ቢሆንም ገና አልተማረም።