ምሕንድስናን በስፓኒሽ መማር፤ ከኩባ ተማሪዎቻችን ያገኘነው ትምህርት
(በማኅበራችን 10ኛ ዓመት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



 በዚህ በዩኒቨርሲቲ ዲስትሪክት ስንኖር ልጆቻችን በየጠዋቱ ሃይ ስትሪትን ተሻግረው ወደ ኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ እናያለን። ብዙዎቹም ምሕንድስና ያጠናሉ። ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ ከነዚሁ ልጆች ከአንዷ ቤት የመጣ ነው።

ልጅቷ የሜካኒካል ምሕንድስና የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበረች። በተማሪዎች ልውውጥ ለአንድ ሴሚስተር ወደ ስፔን ሄዳ ትምህርቷን በስፓኒሽ ለመከታተልና ከስፔናውያን ቤተሰብ ጋር ለመኖር ፈለገች። አባቷ «ለምሕንድስና እንግሊዝኛ ይበቃል» አሉ። እናቷ ደግሞ «እኔ ስንት አገር አቆራርጬ እዚህ የደረስኩት አንቺ እንደገና ስደተኛ እንድትሆኚ ነው?» ብለው አለቀሱ። ነገሩ እየከረረ ሲሄድ እንደ ባህላችን ሽማግሌ ይግባበት ተባለና እኛ ተጠራን። ከመካከላችን አንዱ በኩባ የተማረ ወንድማችን ነበር።

እንደሚታወቀው፣ ከ1969 እስከ 1970 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያና የሶማሊያ ጦርነት የኩባ ወታደሮች ከኢትዮጵያ ጎን ተሰልፈው ነበር። በአዲስ አበባ የሚገኘው የትግላችን ሐውልት ይህንኑ ያስታውሳል። ከጦርነቱ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ልጆች፣ ብዙዎቹም ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ፣ ወደ ኩባ የወጣቶች ደሴት ተላኩ። ከአንጎላ፣ ከሞዛምቢክ፣ ከናሚቢያና ከሌሎች አገሮች ከመጡ ልጆች ጋር ጎረቤት ሆኑ። የቀኑን ግማሽ በክፍል፣ ግማሹን በብርቱካንና በግሬፕፍሩት እርሻ ላይ ያሳልፉ ነበር። ከነሱም ብዙዎቹ ወደ ኩባ ዩኒቨርሲቲዎች ገብተው ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ የእርሻ ባለሙያ ሆነዋል።

ወንድማችን በዚያ ሽምግልና ላይ እንዲህ አለ፦ «ስድስት ወር ሙሉ ዲዳ ነበርን። ከዚያ በኋላ ግን ሒሳቡንም ፊዚክሱንም በስፓኒሽ ያዝነው። ቋንቋው የገባን መምህሩ ሲያስረዳን ብቻ አይደለም፤ እርሻ ላይ ስንሳሳት ሲሳቅብንም ነው።»

ይህ ነገር ለመሐንዲስ ምን ይጠቅማል? ስፓኒሽ ከ20 በላይ በሆኑ አገሮች ይነገራል፤ ከአህጉራችን እንኳ ኢኳቶሪያል ጊኒ የመንግሥት ቋንቋ አድርጋዋለች። በአሜሪካም ከ40 ሚሊዮን በላይ ሰው በቤቱ ይናገረዋል። ከእኛ ሩቅ ባልሆነችው በሜሪስቪል እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ መኪና የሚሠራው ሆንዳ በ2014 በሜክሲኮ ሴላያ ከተማ ሌላ ፋብሪካ ከፍቷል። እንዲህ ባለው ሥራ ውስጥ የሚገባ ወጣት ስዕሉን ማንበብ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ አጠገብ ከቆመው ሠራተኛ ጋር መነጋገር አለበት።

ቋንቋውም ከመጽሐፍ ብቻ አይገኝም። አርማታ በስፔንና በኩባ «ኦርሚጎን» ሲባል በሜክሲኮ «ኮንክሬቶ» ይባላል። በስፔን 3,5 ተብሎ የተጻፈው ሦስት ተኩል ነው፤ 1.500 የሚለው ደግሞ አንድ ሺህ አምስት መቶ ሊሆን ይችላል። በስፓኒሽ «ቢዮን» ማለት ሚሊዮን ጊዜ ሚሊዮን ነው እንጂ እዚህ ቢሊዮን የምንለው አይደለም። በግንባታ ሥራ ላይ እንዲህ ያለ ስሕተት ብዙ ገንዘብ ያስከፍላል፤ ከዚያም ይብሳል።

ይህን የተረዱ ትምህርት ቤቶችም አሉ። የሮድ አይላንድ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1987 ምሕንድስናን ከውጭ ቋንቋ ጋር የሚያስተምር ፕሮግራም ጀመረ። መጀመሪያ በጀርመንኛ ነበር፤ በኋላ ስፓኒሽ ተጨመረ። ተማሪው በ5 ዓመት ሁለት ዲግሪ ይይዛል፤ ከዚያ ውስጥ አንዱን ዓመት በውጭ አገር በትምህርትና በሥራ ልምምድ ያሳልፋል።

ነገር ግን ወንድማችን የሄደበትን መንገድ መልካም ጎን ብቻ አላወራም። ወደ እናቲቱ ዞሮ «እህቴ፣ መፍራትሽ ትክክል ነው» አላት። «እኔ የሄድኩት በ12 ዓመቴ ነው። እናቴ መሞቷን የሰማሁት ከወራት በኋላ በደብዳቤ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ደግሞ የላከን መንግሥት የለም፤ ኩባም ተቸግራለች፤ ወዴት እንደምንሄድ ግራ ገባን። የአንቺ ልጅ ግን መርጣ የምትሄድ ናት፤ የመመለሻ ቲኬትም አላት። እኛን የጎዳን ስፓኒሽ አይደለም፤ የሚጠይቀን ሰው ማጣታችን ነው።»

ይህ ቃል ቤቱን ጸጥ አሰኘው። እናትየዋም በየእሑዱ ስልክ እንድትደውል ቃል አስገብተው ፈቀዱ።

ልጅቷ ሄዳ ተመልሳለች። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ስትደውል ታለቅስ ነበር፤ በመጨረሻው ወር ግን ስልኩን የምትዘጋው የስፔን ቤተሰቧ ለእራት ሲጠሯት ነበር። ሆኖም ከወሰደቻቸው ኮርሶች አንዱ ሲመለስ ተቀባይነት ስላላገኘ በክረምቱ እንደገና ልትማረው ተገዳለች። ስለዚህ ለሌሎቻችሁ ከዚህ የተማርነውን እንናገራለን።

አንደኛ፣ እያንዳንዱ ኮርስ እዚህ እንደሚቆጠር ከመሄዳችሁ በፊት ከአማካሪያችሁ በጽሑፍ ተቀበሉ። በምሕንድስና አንዱ ኮርስ ለሌላው በር ስለሆነ አንድ መጉደሉ ዓመት ሊያስጨምር ይችላል።

ሁለተኛ፣ ክፍያውን ጠይቁ። በእውነተኛ ልውውጥ ተማሪው አብዛኛውን ጊዜ የሚከፍለው ለራሱ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ሌሎች ፕሮግራሞች ግን ከዚህ በብዙ ሊወደዱ ይችላሉ።

ሦስተኛ፣ ወረቀታችሁን አስቀድማችሁ አስተካክሉ። በስፔን ከ90 ቀን በላይ ለመማር የአሜሪካ ዜጋም ቢሆን ቪዛ ያስፈልገዋል። ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ ከ6 ወር በላይ ከአገር ብትወጡ የዜግነት ማመልከቻችሁ ሊጓተት እንደሚችል አትዘንጉ።

አራተኛ፣ እንግሊዝኛ ከሚናገሩ ጓደኞች ጋር አንድ ቤት አትከራዩ። እንዲያ ከሆነማ ኮሎምበስ መቀመጡ ይሻላል።

ለወላጆችም አንድ ቃል አለን። እኛ ራሳችን ልጅነታችንን ያሳለፍነው በአማርኛ፣ ትምህርታችንን የጨረስነው በእንግሊዝኛ ነው። ሁለተኛው ቋንቋ የመጀመሪያውን አልወሰደብንም። ሦስተኛውም ከልጆቻችን የሚወስደው ነገር የለም፤ እኛ ካልራቅናቸው በቀር።

በመጨረሻም ይህ ንግግር ብቻ ሆኖ እንዳይቀር፣ በኩባ የተማረው ወንድማችን ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ለወጣቶቻችን ስፓኒሽ ሊያለማምድ ፈቃደኛ መሆኑን በደስታ እንገልጻለን። ሌሎችም ቋንቋውን የምታውቁ ካላችሁ ስማችሁን ለጸሐፊያችን እንድታስመዘግቡ በትሕትና እንጠይቃለን። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነውና፣ ከመካከላችን አንዱ በብዙ ናፍቆት የከፈለበት እውቀት ለልጆቻችን በነጻ ይድረስ።

እግዚአብሔር ማኅበራችንን ይባርክ።