የዘንጉ ልክ፤ ስለ ቤደን ፓወል ስካውቶች ማኅበር የተደረገ ንግግር



«ቦይ ስካውት» የሚለው ስም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ለተማሩ ሰዎች እንግዳ አይደለም። ቁምጣው፣ የአንገት መሐረቡ፣ ሰፊው ባርኔጣና ረጅሙ ዘንግ ወዲያው በዓይነ ሕሊና ይመጣሉ። ዛሬ የሚነገረው ግን ዓለም ስለሚያውቀው ታላቅ የስካውት ድርጅት አይደለም፤ ከዚህ ድርጅት ተለይተው በመውጣት የመሥራቹን ሥርዓት የጠበቁት እነርሱ እንደሆኑ ስለሚናገሩ ጥቂት እንግሊዛውያን ነው። ነገሩ የልጆች ጨዋታ መስሎ የሚታየው አድማጭ ቢኖር ጥቂት ይታገሥ። በውስጡ ያለው ጥያቄ የመሐንዲስ ጥያቄ ነውና፤ ይኸውም አንድ የቆየ የሥራ ደረጃ በሚሻሻልበት ጊዜ ሊለወጥ የሚገባው የትኛው ክፍሉ ነው? የሚል ነው።

እንደሚታወቀው፣ የስካውት ሥራ መነሻ የሆነው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በነሐሴ 1907 በእንግሊዝ አገር ብራውንሲ በተባለች ደሴት ላይ የተደረገው ሰፈር ነው። በደቡብ አፍሪካ በማፈኪንግ ከበባ ስሙ የገነነው ጄኔራል ሮበርት ቤደን ፓወል ሃያ ያህል ልጆችን ሰብስቦ ተኩላ፣ ኮርማ፣ ቁራና ከርሉ በተባለችው የውኃ ዳር ወፍ ስም በተሰየሙ አራት ጓዶች ከፈላቸው። ከልጆቹ ገሚሶቹ ከታላላቅ የባለጸጎች ትምህርት ቤቶች፣ ገሚሶቹም ከአካባቢው የሠራተኛ ቤተሰቦች የመጡ ነበሩ። በተከታዩ ዓመት፣ በ1908፣ መጽሐፉ ታተመና ሥራው በብዙ አገሮች ተዛመተ።

በዚያ መጽሐፍ ዙሪያ ባደገው የትምህርት ሥርዓት ውስጥ መሐንዲስን የሚማርክ ብዙ ነገር አለ። ዘንጉን ብቻ እንመልከት። ስካውቱ የሚይዘው ዘንግ ቁመቱ 5 ጫማ ከ6 ኢንች ሲሆን በጫማና በኢንች ምልክት የተከፋፈለ ነው። የዛፍ ወይም የሕንፃ ቁመት ለመለካት የፈለገ ልጅ ከዛፉ ሥር ተነሥቶ 11 እኩል ርምጃ ይሄድና ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ከዚያ አንድ ርምጃ ጨምሮ በደረቱ ይተኛል፤ ዓይኑን ወደ መሬት አስጠግቶም የዛፉን ጫፍ ያያል። ጓደኛው ጣቱን በዘንጉ ላይ ከፍና ዝቅ እያደረገ የእይታው መሥመር ዘንጉን የሚያቋርጥበትን ቦታ ይይዝለታል። በዘንጉ ላይ የተነበበው ኢንች ቁጥሩ ሳይለወጥ የዛፉ ቁመት በጫማ ይሆናል፤ 40 ኢንች ከተነበበ ዛፉ 40 ጫማ ነው። ዓይኑ ከዛፉ 12 ርምጃ፣ ከዘንጉ ደግሞ 1 ርምጃ ስለሚርቅ፣ አንዱ ጫማም 12 ኢንች ስለሆነ ስሌቱ ራሱን በራሱ ይፈጽማል። የተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖችን ሕግ ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ያለ ሰሌዳና ያለ ጠመኔ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ብልሃት ማግኘት ያስቸግራል።

የእንጨት ድልድዩም እንዲሁ ነው። ሁለት አጣና በገመድ ሲታሰር ጥንካሬው የሚመጣው ከጥምጥሙ ብዛት አይደለም፤ በመጨረሻ በአጣናዎቹ መካከል አልፎ የቀደመውን ጥምጥም አንቆ ከሚያጠብቀው ማሠሪያ ነው። ይህን በባሕር ዛፍ መወጣጫ የሚያቆም ግንበኛ ሁሉ ያውቀዋል፤ የስካውት ልጅ ግን ራሱ በሠራው ድልድይ ላይ ተራምዶ ይማረዋል። ማሠሪያው ከላላ ወንዝ ውስጥ ይገባል። ከዚህ የበለጠ ጥብቅ ተቆጣጣሪ መሐንዲስ የለም።

ልጁ በእነዚህ ሥራዎች እየተፈተነ ከጀማሪነት ወደ ሁለተኛ ደረጃ፣ ከዚያም ወደ አንደኛ ደረጃ ይወጣል። ለሁለተኛው ደረጃ በሁለት ክብሪት ብቻ ደጅ ላይ እሳት ማንደድ ይጠበቅበታል። ለአንደኛው ደረጃ የመጨረሻው ፈተና ጉዞ ነው፤ ብቻውን ወይም ከአንድ ጓደኛው ጋር 14 ማይል፣ ማለትም ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ሌሊቱን ደጅ አድሮ፣ ያየውን በጽሑፍና በንድፍ ካርታ ያቀርባል።

በስድሳዎቹ ዓመታት በእንግሊዝ ይህ ሥርዓት ተናወጠ። ትልልቆቹ ልጆች እየተዉት ይሄዱ ነበር። ቁምጣው በመንገድ ላይ መሳቂያ ሆነ፤ ሮቨር የተባለው የጎልማሶች ክፍልም ቁጥሩ መነመነ። ስለዚህ ዋናው ስካውት ሰር ቻርልስ ማክሊን አንድ የጥናት ቡድን አቋቁሞ በ1966 ሰፊ ዘገባ ታተመ። ውጤቱም ከ1967 ጀምሮ በሥራ ላይ ዋለ። «ቦይ» የሚለው ቃል ከማኅበሩ ስም ወጣ፤ ቁምጣው በረጅም ሱሪ ተተካ፤ የሮቨር ክፍል ተሰረዘ፤ አሥሩ የስካውት ሕግጋት ወደ ሰባት ዝቅ አሉ፤ ከነዚህም ውስጥ ትእዛዝ ማክበርን የሚናገረው ሕግ ቀረ። ሁለተኛና አንደኛ ደረጃ የሚባሉትም ፈተናዎች ከነስማቸው ታጥፈው በሌላ መርሐ ግብር ተተኩ።

ይህን ያልተቀበሉ መሪዎች ተሰባስበው አቤቱታቸውን በ1970 «ጥቁር ጽሑፍ» በሚል ስም አሳተሙ። የጠየቁት አዲሱ እንዲሻር አልነበረም፤ የፈለገ ቡድን በቀድሞው ሥርዓት እንዲቀጥል ብቻ እንዲፈቀድለት ነበር። አልተፈቀደም። በዚያው ዓመት የቤደን ፓወል ስካውቶች ማኅበር ተመሠረተ። ጥያቄያቸው ልከኛ ነበርና እምቢታው ጥበብ የጎደለው ነበር ማለት ይቻላል። ሁለት ደረጃዎች ለተወሰነ ጊዜ ጎን ለጎን ቢሠሩ የትኛው ልጆቹን እንደሚይዝ በተግባር ይታይ ነበር።

መለየት በስካውት ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሆነ ነገር አይደለም። ገና በ1909 ብሪቲሽ ቦይ ስካውትስ የተባለ ድርጅት ተነጥሎ ወጥቶ ነበር፤ የለንደን ኮሚሽነርነቱን የተነጠቀው ሰር ፍራንሲስ ቬንም መሪው ሆነ። የቬን ክስ የቤደን ፓወል ድርጅት ወታደርነት አብዝቷል የሚል ነበር፤ ገንዘቡንም በዚሁ ሥራ ላይ አፍስሶ በ1912 ከሠረ። የ1970ዎቹ ተቃዋሚዎች ክስ የዚህ ግልባጭ ነው፤ ሥራው ለስልሷል፣ ጭምትነቱንና ፈተናውን አጥቷል ይላሉ።

ታዲያ ማን ትክክል ነው? ቁምጣውን በሚመለከት ለውጡን ያመጡት ወገኖች ትክክል ነበሩ። ቤደን ፓወል ቁምጣ የመረጠው ለሥራ ስለሚመችና በርካሽ ስለሚገኝ እንጂ ምስጢር ስለተገለጠለት አልነበረም። ራሱም መጽሐፉን በየጊዜው ሲያሻሽል ኖሯል፤ በ1908 የጻፋቸው ሕግጋት ዘጠኝ ነበሩ፤ አሥረኛውን የጨመረው በ1911 ነው። የመሥራቹን ሥርዓት ጠብቀናል የሚሉትም ቢሆኑ ቢቨር የተባለ የሕፃናት ክፍል አላቸው፤ እንዲህ ያለውን ክፍል ግን በ1941 ያረፈው ቤደን ፓወል አላየውም። ስለዚህ ምንም አልለወጥንም የሚለው ቃል ሲመረመር አይቆምም።

ፈተናዎቹን በሚመለከት ግን ሚዛኑ ወደ ተቃዋሚዎቹ ያጋድላል። የእንግሊዝ መንግሥት ወደ ሜትር መለኪያ እንደሚሻገር ያስታወቀው በ1965 ነበር፤ የስካውቱን ዘንግ እንደገና እንመልከት። ኢንችና ጫማ ከቀረ 11 ርምጃ መሄድ ትርጉም ያጣል። የዘዴውን ምክንያት የማያውቅ መሪ ወይ ዘንጉን ይጥላል፣ ወይ ቁጥሩን ይዞ በከንቱ ይከራከራል። የሚያውቀው ግን 9 ርምጃ ሄዶ ዘንጉን ያቆማል፤ አንድ ጨምሮ ይተኛል። ርቀቱ አንድ ለአሥር ሆነና በዘንጉ ላይ የተነበበው ሳንቲ ሜትር በአሥር ተባዝቶ የዛፉ ቁመት ይሆናል። በ1967 የተደረገው ማሻሻያ ለሁለተኛና ለአንደኛ ደረጃ ይህን አላደረገም። ቁምጣውና የ14 ማይሉ ጉዞ በአንድ የአሮጌ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ተከተው ወጡ። የወጡት መሪዎች ደግሞ ሣጥኑን እንዳለ አንሥተው ባርኔጣውንና ሁለቱን ክብሪት በእኩል ክብር ያዙ። ሁለቱም ወገኖች ዕቃውን ከዕቃው አልለዩም፤ ነገር ግን ጉዞው በእጃቸው የቀረው የተቃዋሚዎቹ ናቸው፤ እስካሁንም ልጆችን በጀማሪ፣ በሁለተኛና በአንደኛ ደረጃ ይፈትናሉ።

ዋጋውን ከፍለውበታል። በታላቁ ማኅበር ደንብ መሠረት የተዘጋ ቡድን ንብረት ለአካባቢው የማኅበሩ አካል ይተላለፋል፤ ስለሆነም ተለይቶ የሚወጣ መሪ ድንኳንና ገመድ እንኳ ከአዲስ መግዛት አለበት። የዓለም የስካውት ድርጅትም ከአንድ አገር የሚቀበለው አንድ ብሔራዊ ድርጅትን ብቻ ነው። ከዚህ የተነሣ በልዩ ልዩ አገሮች የሚገኙ መሰል ማኅበሮች በ1996 በጀርመን አገር ላውባክ በተባለች ከተማ የራሳቸውን የነፃ ስካውቶች ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን መሠረቱ። የዓለም ጃምቦሪ ግን በዓለሙ ድርጅት ለታወቁ ማኅበሮች አባላት የተዘጋጀ ስብሰባ ነው። ቤደን ፓወል ባወጣው ፈተና ዘንጉን ይዞ፣ ሌሊቱን ደጅ አድሮ፣ ካርታውን ነድፎ አንደኛ ደረጃ የደረሰው የእንግሊዝ ልጅ፣ የመሥራቹ ስም በሚነሣበት በዚያ ሰፈር የማኅበሩን መሐረብ አጥልቆ መግባት አይችልም።