ለፋብሪካ ፓናል ቦርድ የሚሆን የዩኤስቢ ፓወር ሰፕላይ አመራረጥ




በባሌ በበልግም በመኸርም ስለሚመረት የዘር ማበጠሪያውና የዱቄት ፋብሪካው የሚያርፉበት ጊዜ አጭር ነው። ማሽን ሲቆም ሁሉም ወደ ትልቁ ሞተር ይሮጣል። አንዳንዴ ግን ጥፋቱ ፓናል ቦርድ ውስጥ የተሰካች አንዲት የስልክ ቻርጀር ናት።

ፓናሉ ውስጥ ያለው ሞደም ወይም ትንሽ ኮምፒዩተር በዩኤስቢ 5 ቮልት ይፈልጋል። ቻርጀር ርካሽ ስለሆነ በእጅ ያለው ይሰካል። ቻርጀሩ ግን የተሠራው ለቤት ነው፤ በማሽን ንዝረት ይላቀቃል፣ በተዘጋ ሳጥን ውስጥም ይግላል።

ለባሌ ደጋ ከዚህ የሚብስ ነገር አለ፤ ከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች ግን የሚሠሩት እስከ 2,000 ሜትር ታስቦ ነው። ከዚያ በላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሙቀትን በሚገባ አያነሳም፤ በባዶ ሽቦዎች መካከል ያለው መከላከያነቱም ይቀንሳል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ኮሚሽን ደረጃ መሠረት በ3,000 ሜትር ላይ የአየር ክፍተቱ በ1.14 ይባዛል። ስለዚህ አዳማ ላይ ያለ ችግር የሠራ ዕቃ ሮቤ ላይ ሊያስቸግር ይችላል።

የሚሻለው የፓናሉን 24 ቮልት ወደ 5 ቮልት የሚለውጥ፣ በ35 ሚሊ ሜትሩ የብረት ሐዲድ ላይ የሚታሰር ዕቃ ነው። በዚህ ጊዜ 220 ቮልቱ የሚገባው በዋናው ፓወር ሰፕላይ ብቻ ስለሆነ የከፍታው ጥያቄ በይበልጥ እዚያ ላይ ይታያል። ሒሳቡም ቀላል ነው፤ 5 ቮልት በ3 አምፔር ሲባዛ 15 ዋት ይሆናል። ይህም ከ24 ቮልቱ፣ ብክነቱ ተጨምሮበት፣ 0.7 አምፔር ገደማ ይወስዳል። ዋናው ይህን ያህል ትርፍ ከሌለው አዲሱ ዕቃ ፒኤልሲውንም ይዞት ይወድቃል።

ገመዱም አጭርና ወፍራም ይሁን። በቀጭን ረጅም ገመድ 5 ቮልቱ መንገድ ላይ ይጎድልና ሞደሙ እየጠፋ ይበራል፤ ኦፕሬተሩም «ኔትወርክ የለም» እያለ ይውላል። ኃይል ብቻ ሰጥቶ መረጃ የማያስተላልፍ ቀዳዳ ያለው ዕቃ ቢመረጥ ደግሞ፣ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ የሰካ ሠራተኛ ቫይረስ አያስገባም።

የግዥ ኮሚቴዎች በጨረታው ዝርዝር ላይ «24 ቮልት ገቢ፣ 5 ቮልት 3 አምፔር ወጪ፣ በ3,000 ሜትር ከፍታ ሙሉ ጭነት የሚችል» ብለው ቢጽፉና አቅራቢው የአምራቹን ወረቀት እንዲያያይዝ ቢጠይቁ፣ ጉዳዩ ዕቃው ሮቤ ሳይደርስ ይለያል።