ሰማዩ ሲበራ መርፌዋ ለምን ትናወጣለች?



የሰሜኑ ብርሃን ሲነሣ ሁላችንም ትዝ የሚለን ፎቶግራፉ ነው፤ ከበረዶው ተራራ በላይ እንደ መጋረጃ የሚውለበለብ አረንጓዴ ብርሃን። ውበቱን ማን ይክዳል? ምስጢሩ መፈታት የጀመረው ግን አጎንብሰው መርፌ ሲያዩ በከረሙ ሰዎች ነው።

በ1741 (ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው) በስዊድኗ ኡፕሳላ ኦሎፍ ዮርተር የኮምፓስ መርፌ ወዴት እንደምታዘነብል ቀን ከሌሊት ይመዘግብ ነበር። አብሮት የሚሠራው አንደርስ ሴልሺየስ ነው፤ የሙቀት መለኪያው ስሙን ያስጠራለት። አንድ ሌሊት ሰማዩ በብርሃን ሲታመስ መርፌዋም አብራ ታወከች። በሚቀጥለው ወር እንዲሁ ስትታወክ፣ ለንደን የነበረው ጆርጅ ግራሃምም በዚያው ዕለት መርፌው መናወጧን መዝግቦ ተገኘ። ነገሩ የአንድ ከተማ ጉዳይ አልነበረም።

ምክንያቱን ፍለጋ ከሁሉ ርቆ የሄደው ኖርዌያዊው ክርስቲያን ቢርከላንድ ይመስለኛል። አልታ አጠገብ ባለው በሃልዴ ተራራ አናት ላይ ጣቢያ አሠርቶ የ1899ን ክረምት በዚያ ንፋስ አሳለፈ። ኋላም በቤተ ሙከራው፣ በሆዷ ኤሌክትሮማግኔት ያለባትን ትንሽ ኳስ አየሩ በተመጠጠ የመስታወት ሣጥን ውስጥ አኑሮ ኤሌክትሮን ለቀቀባት። በሁለቱም ዋልታዎቿ ዙሪያ የብርሃን ቀለበት ታየ። ከፀሐይ የሚመጡ ቅንጣቶችን የምድር ማግኔት ወደ ዋልታዎች ይመራቸዋል ለሚለው ሐሳቡ ይህ ድጋፍ ሆነው።

ለምርምሩ ገንዘብ ሲያጣ የኤሌክትሪክ መድፍ ሠራ። በ1903 በዛሬዋ ኦስሎ፣ በዩኒቨርሲቲው አዳራሽ፣ በእንግዶች ፊት ሲተኩሰው ኤሌክትሪኩ ተገናኝቶ እሳቱ ቦግ አለ፤ ሰው ሁሉ ደነገጠ። መድፉ ገዢ አላገኘም። ያ የእሳት ብልጭታ ግን ከመሐንዲሱ ሳም አይዴ ጋር ከአየር ማዳበሪያ ወደ ማምረት አደረሰው። ሰማይ ሲጠና ማሳ መጠቀሙ ከብርሃኑ እኩል ይገርመኛል።

ስለ ብርሃኑ የነበረውን ሐሳብ ግን ስመ ጥሩው የጂኦፊዚክስ ሊቅ ሲድኒ ቻፕማን አልተቀበለውም። ቢርከላንድ በ1917 ቶኪዮ ላይ ሞተ፤ ከሕዋ ወርዶ መርፌዋን ያናውጣል ያለው የኤሌክትሪክ ጅረት መኖሩን ሳተላይቶች ያረጋገጡት በ1960ዎቹ ነው።

ቀለሙስ? አረንጓዴውም ቀዩም በአብዛኛው የኦክስጅን ነው። ከ100 ኪሎ ሜትር ከፍ ብሎ አረንጓዴው ይበዛል፤ ቀዩ ከ200 በላይ ነው። በቅንጣቶቹ የተመታው አቶም ቀዩን ብርሃን ለመልቀቅ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈልጋል፤ ታች አየሩ ጥቅጥቅ ስለሚል ሳያበራ ከሌላ ጋር ይላተምና ጉልበቱን ይነጠቃል። ላይ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፤ የሚነካውም የለም።

እኛ ዘንድ ለምን አይታይም ለምትሉ፣ የምድር ማግኔት ወገብ የሚያልፈው በኢትዮጵያ ላይ ነው። የማግኔት መስኩ መስመሮች እዚህ አግድም ስለሚተኙ ቅንጣቶቹን ወደ ታች አያወርዱም። በምትኩ ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን፣ ከበላያችን 100 ኪሎ ሜትር ግድም ከፍታ ላይ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ጅረት ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይፈሳል። ዓይን አያየውም፤ የአዲስ አበባው የማግኔት መመዝገቢያ ጣቢያ ግን፣ ከ1957–58ቱ ዓለም አቀፍ የጂኦፊዚክስ ዓመት ወዲህ ሲከታተለው ኖሯል።