የነፃ ጉባኤ ወጪ በማን ይሸፈናል?

በጊቫት ሃሞሬ፣ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ለአዲስ ገቢ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር



የማኅበሩ ኮሚቴ በሰፈራችን የኮምፒዩተር ወዳጆች የሚገናኙበት አንድ ነፃ ጉባኤ ለማዘጋጀት አስቧል። ስለዚሁ ጉዳይ እንዳስረዳ ተጠይቄ ነው እፊታችሁ የቆምኩት። ሐሳቡ ገና ሲነሣ ከወላጆች የመጣው ጥያቄ ግን ስለ ኮምፒዩተር አልነበረም። «በነፃ ከሆነ ከኋላው ምን አለ? ማንስ ነው የሚከፍለው?» የሚል ነበር። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። «በነፃ ነው፣ እዚህ ላይ ብቻ ፈርሚ» የሚል ሰው የአዲስ ገቢን በር ለማንኳኳት ብዙ አይቆይም። ስለዚህ ዛሬ ከኮምፒዩተሩ ይልቅ ስለ ገንዘቡ አብዝቼ እናገራለሁ። ዓመቶቹን የምጠቅሰው እዚህ አገር በምንሠራበት በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ ምን እንደሆነ ባጭሩ ላስረዳ። ሶፍትዌር ማለት ኮምፒዩተሩን የሚያሠራው ትእዛዝ ነው። አንዲት ጠላ ጠማቂ ጠላዋን ሸጣ አሠራሩን ልትደብቅ ትችላለች። ሌላዋ ደግሞ ጌሾው ስንት፣ ብቅሉ ስንት፣ ጥንስሱ ስንት ቀን እንደሚቆይ ለጎረቤቷ ትነግራለች። ጎረቤቷም እንደ ቤቷ ልማድ ለውጣ ለሦስተኛዋ ታስተላልፋለች። ምንጩ ክፍት የሆነ ሶፍትዌር የሚባለው ይህ ሁለተኛው ዓይነት ነው፤ ልጆቻችሁ በዕብራይስጥ «ኮድ ፓቱአሕ» ሲሉ ትሰማላችሁ። አሜሪካዊው ሪቻርድ ስቶልማን ይህን እንቅስቃሴ በ1983 ጀመረ፤ በ1991 ደግሞ በፊንላንድ ሄልሲንኪ ተማሪ የነበረው ሊነስ ቶርቫልድስ ሊኑክስ የተባለውን ለዓለም አሳየ። ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት የአንድሮይድ ስልክ ውስጡ የሚሠራው በዚሁ በሊኑክስ ነው።

እኛ በአማርኛ «ነፃ» ስንል ዋጋ የሌለውንም ባርነት የሌለበትንም በአንድ ቃል እንጠራለን። ዕብራይስጡ ግን ይለያቸዋል፤ ያለ ክፍያ የሚሰጠው «ሒናም»፣ ነፃነት ያለው «ሖፍሺ» ነው። የዚህ ሶፍትዌር ሰዎች ስለ ሁለተኛው ነው የሚናገሩት። የጉባኤአቸው መግቢያ ግን ብዙ ጊዜ ሒናም ጭምር ነው፤ ግራ መጋባቱም የሚመጣው ከዚህ ላይ ነው።

ይህ የፈረንጅ ወሬ ነው የምትሉ ካላችሁ ፊደላችንን ተመልከቱ። ቀደም ባለው ጊዜ እያንዳንዱ የአማርኛ ጽሕፈት ፕሮግራም የየራሱ አሠራር ስለነበረው፣ በአንዱ የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ምልክት ይሆን ነበር። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ የገባው በ1999 ነው። ከዚያም ወዲህ እንደ አቢሲኒካ ያሉ የፊደል ቅርጾች ማንም እንዲጠቀምባቸውና እንዲያሻሽላቸው ተፈቅዶ ታደሉ። ብዙ ፕሮግራሞችም በበጎ ፈቃደኞች ድካም ወደ አማርኛ ተተረጎሙ። እናት ጎንደር ላለችው እህቷ በስልክ አማርኛ ስትጽፍ የእነዚህ ሰዎች ሥራ በእጇ ላይ አለ።

አሁን ወደ ጉባኤው ልምጣ። እንዲህ ያለ ስብሰባ ከእኛ ሩቅ አይደለም። ሃይፋ በቴክኒዮን ውስጥ የሃይፋ ሊኑክስ ክበብ፣ በአጭር ስሙ ሃይፉክስ፣ ለሕዝብ ክፍት የሆነ ንግግር ያደርግ፣ የሰዎችን ኮምፒዩተር እየተቀበለም በነፃ ይጭን ነበር። ከ2002 ጀምሮ ደግሞ «አውጉስት ፔንግዊን» የተባለ አገር አቀፍ ጉባኤ ተጀመረ። ፔንግዊን የሊኑክስ ምልክት የሆነችው ወፍ ናት፤ አውጉስት ወሩ ነው፤ ተማሪ በዕረፍት ላይ የሚሆንበት። ጉባኤውን በኋላ የተረከበው በ2003 የተቋቋመው «ሃማኮር» የተባለው አሙታ ነው። ሃማኮር ማለት ምንጩ ማለት ነው።

በ2020 ደግሞ ዴቢያን የተባለው የሊኑክስ ቤተሰብ ዓመታዊ ጉባኤውን በሃይፋ ሊያደርግ ወስኖ ነበር። በሸለቆው ባቡር ከአፉላ ከአንድ ሰዓት በታች መሆኑ ነው፤ ያ ባቡር በ2016 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሃይፋ አፍንጫችን ሥር ናት። ኮሮና መጣና ጉባኤው በዚያው በነሐሴ ወር በኢንተርኔት ብቻ ተካሄደ። በዚያን ዓመት የኛ ልጆችም ትምህርታቸውን በኢንተርኔት እንዲከታተሉ ሲታዘዙ ሦስትና አራት ልጆች በአንድ ስልክ የተሻሙበት ቤት እንደነበር የምታስታውሱ አላችሁ። ሰፈራችን እንዲህ ያለ ቀን ያስፈልጋታል የምለው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ከሁሉም የሚገርመኝ ግን በቤልጅግ ብራስልስ የሚደረገው ፎስዴም ነው። ከ2000ዎቹ መግቢያ ጀምሮ በየዓመቱ በክረምት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ይካሄዳል፤ በሺህ የሚቆጠር ሰው ይመጣል። ትኬት የለም። ምዝገባም የለም። በሩ ላይ ስምህ ማን ነው የሚል የለም። «ከኋላው ምን አለ?» ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መልስ አላውቅም፤ ስምህን ያልጠየቀህ ሰው ነገ ሊደውልልህ አይችልም።

ታዲያ ወጪው? አዳራሹን ዩኒቨርሲቲው ይሰጣል። ትልልቅ ኩባንያዎች በዚሁ ሶፍትዌር ስለሚነግዱ ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ስማቸው ይጠቀሳል። እንግዳው ከፈለገ ሳንቲም ይጥላል፣ የጉባኤው ስም ያለበት ካናቴራ ይገዛል። የቀረው ሁሉ ጉልበት ነው። ወንበር የሚደረድሩት፣ ንግግሩን በቪዲዮ የሚቀርጹት፣ ማታ ቆሻሻ የሚለቅሙት በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ዴቢያን ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፤ መምጣት የሚፈልግና አቅም ያነሰው ሰው ካመለከተ ከተሰበሰበው ገንዘብ ለጉዞው፣ ለማደሪያውና ለምግቡ ሊረዳ ይችላል። ገንዘቡን የሚይዙት አዘጋጆቹ በኪሳቸው አይደለም፤ ለዚሁ ተብለው የተቋቋሙ ድርጅቶች ይይዙታል፤ አንዱ በ1997 አሜሪካ ውስጥ የተመዘገበ ነው። ጉባኤው ሲያልቅም ምን ገባ፣ ምን ወጣ ተብሎ ዘገባ ይወጣል።

ይህን ስሰማ እኔ የታየኝ ደቦ ነው። ደቦ ነፃ ነው እንላለን እንጂ ነፃ አይደለም። አጫጁ ማጭዱን ይዞ ይመጣል፣ ደመወዝ አይጠይቅም፤ ባለ እርሻው ግን ጠላውን ጠምቆ፣ እንጀራውን ጋግሮ፣ ወጡን ሠርቶ መጠበቅ አለበት። እህሉ ከጎተራ ወጥቷል። ጉባኤም እንደዚሁ ነው፤ ተናጋሪው ያለ ክፍያ ይመጣል፣ አዳራሹና ድግሱ ግን ባለቤት ይፈልጋል። ገንዘቡም እቁብ ሳይሆን እድር ነው። እቁብ ተራህ ሲደርስ ይመለስልሃል። እድር ግን የሰጠኸው ለሌላው ይሆናል፤ አንተም በበኩልህ ሌላው ከሰጠው ትጠቀማለህ። እድር ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው፤ ድንኳንና ድስት አለው። እኛም ድምፅ ማጉያ፣ ሥዕል በግድግዳ ላይ የሚያሳይ መሣሪያና ረጃጅም የኤሌክትሪክ ገመድ ያስፈልገናል። ይህን ሥራ የማያውቅ ማኅበረሰብ አይደለንም።

ለማሰብ ያህል ሒሳቡን ላስቀምጥ። 80 ሰው ቢመጣ፣ ለቡና፣ ለዳቦና ለፍራፍሬ በነፍስ ወከፍ 15 ሼቄል ብንል 1,200 ይሆናል። ለገመድና ለመሳሰለው 300፤ ለማስታወቂያ ወረቀት 200፤ ሊኑክስ ተጭኖባቸው ለሚታደሉ 20 ትንንሽ ማከማቻዎች በ20 ሼቄል 400፤ ለአሮጌ ኮምፒዩተር ማደሻ 10 ዲስክ በ100 ሼቄል 1,000። ድምሩ 3,100 ሼቄል ነው። አዳራሹን ማትናስ ካልሰጠን ሒሳቡ ይለወጣል፤ የመድን ጉዳይ፣ የጥበቃ ሰውና ሚክላቱ ስንት ሰው እንደሚይዝም አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። በሌላ በኩል ሦስት ነጋዴዎች 500 ቢሰጡ 1,500፤ 40 ቤተሰብ በፈቃዱ 20 ሼቄል ቢያዋጣ 800፤ አንድ ላይ 2,300። የጎደለው 800 ነው። አንዳንዱ «ጉባኤውን እናውጅ፣ ገንዘቡ ይመጣል» ይላል። በበኩሌ አልስማማም። በእጅ የገባውን ያህል ብቻ እንደግስ፤ 800 ካልተገኘ ዲስኩን ከ10 ወደ 2 እንቀንስ። በዕዳ የተደገሰ ነፃ ጉባኤ በሁለተኛው ዓመት አይደገምም።

ገንዘቡ በማኅበሩ የባንክ ሒሳብ ውስጥ ይግባ፤ በሁለት ሰው ፊርማ ይውጣ፤ 20 ሼቄል ለሰጠችውም እናት ካባላ ይቆረጥላት። አዲስ አሙታ ማቋቋም የሚሉ ወጣቶች አሉ። በ1980ው የአሙታ ሕግ ይቻላል፤ ግን መዝገብ፣ ዓመታዊ ዘገባና ጠቅላላ ጉባኤ ይጠይቃል። ለአንድ ቀን ሥራ አሁን አያስፈልግም እላለሁ።

ከገንዘብ ሰጪዎች ጋር የምንነጋገረውን ደግሞ ዛሬ በፊታችሁ ልናገር፤ በኋላ እንድትቆጣጠሩን። ነጋዴ ስሙ በወረቀቱ ላይ እንዲጻፍለት ቢፈልግ ይገባዋል፤ ብሩክ ይሁን። የመጡትን ሰዎች ስምና የስልክ ቁጥር ስጡኝ ካለ ግን ገንዘቡን እንመልሳለን። በጉባኤው ቀን በአዳራሹ ውስጥ የስልክ፣ የኢንሹራንስ ወይም የኮርስ ውል የሚያስፈርም ጠረጴዛ አይኖርም። የተኡዳት ዘሁት ቁጥራችሁን ማንም አይጠይቃችሁም፤ የጠየቀ ካለ ከእኛ ወገን አይደለምና ለኮሚቴው ንገሩ። ይህን ደንብ ካልያዝን ነፃ የተባለው በር ለአዲስ ገቢ ወጥመድ ይሆናል፤ እንዲያ ከሚሆን ጉባኤው ቢቀር ይሻለኛል።

ስለ ቀኑ አንድ ነገር። የሶፍትዌር ነፃነት ቀን የሚባል አለ፤ በ2004 ተጀምሮ በብዙ አገሮች ትንንሽ ቡድኖች ሲያከብሩት ቆይተዋል፤ ልማዱ መስከረም ውስጥ ሦስተኛው ቅዳሜ ነው። ለኛ ሰንበት ነው፤ አይሆንም። ፎስዴምም ቅዳሜና እሑድ ነው። ዓርብ ጧት የሚሉ አሉ፤ እናቶች ለሰንበት በሚያዘጋጁበት ሰዓት አዳራሽ ውስጥ የሚቀመጠው ማን እንደሚሆን እናውቀዋለን፤ ወንዶች ብቻ። ስለዚህ በነሐሴ ዕረፍት ውስጥ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቢሆን ይሻላል። ንግግሮቹም ሁሉ በዕብራይስጥ መሆን የለባቸውም። ለወላጆች በስልክ ላይ አማርኛ እንዴት እንደሚጻፍ፣ ከጤና መድን ድርጅቱ ቀጠሮ እንዴት እንደሚያዝ በአማርኛ የሚያሳይ አንድ ክፍል ይኑር። በአዲስ አበባም አይስ አዲስ የተባለው ማዕከል ከ2011 ጀምሮ ለኮምፒዩተር ወጣቶች መሰብሰቢያ ሆኗል፤ ከዚያ የመጣችሁ ልጆች የምታውቁትን ይዛችሁ ኑ፣ ተናጋሪ እንጂ አድማጭ ብቻ አትሁኑ። ዕብራይስጡ ገና ያልገባው ልጅ ኮምፒዩተር ፈትቶ መግጠም ያውቅ ይሆናል፤ በክፍል ውስጥ ዝም የሚለው ልጅ እዚያ አስተማሪ ሊሆን ይችላል።

አሮጌ ኮምፒዩተር ለምታመጡ ማሳሰቢያ አለኝ። ሊኑክስ ሲጫን በውስጡ የነበረው ሁሉ ሊጠፋ ይችላል፤ የሠርግና የቤተሰብ ፎቶ ካለበት አስቀድማችሁ ወደ ሌላ ቦታ አስገልብጡ። ልጁ ለትምህርት ቤት አንድ የተለየ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ከሆነ ደግሞ እንዳለ ተዉት፤ ሁሉ ነገር በሊኑክስ ላይ አይሠራም። ዝም ብሎ ቁም ሣጥን ውስጥ የተቀመጠውን፣ ዘገየ ተብሎ የተተወውን አምጡ።

ከሻይ በኋላ በበሩ አጠገብ ሁለት ወረቀቶች ይቀመጣሉ። አንዱ ቡናና ዳቦ ለማዘጋጀት፣ ወንበር ለመደርደር፣ ለማስተርጎም የሚፈልጉ ስማቸውን የሚጽፉበት ነው። ሁለተኛው ለገንዘብ ያዥነት ነው፤ ሁለት ሰው እንፈልጋለን፤ አንዱ ከነባሮች፣ አንዱ በዚህ ዓመት ከገባችሁት መካከል ቢሆን ኮሚቴው ይመርጣል። ጥያቄ ያለው እጁን ያንሣ።