ወረርሽኝ፣ የቆዳ ቀለምና የኦክስጅን መለኪያ

እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2020 መጀመሪያ በቺካጎ ከተማ በኮቪድ-19 ከሞቱት ሰዎች 70 በመቶ ገደማ የሚሆኑት ጥቁር አሜሪካውያን ነበሩ፤ ከከተማዋ ነዋሪ ግን ድርሻቸው ከሲሶ አይበልጥም። የዛሬው ዲስኩር ርዕስ፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የዚህ ልዩነት ምንጭ ነው።

ምንጩ ደም ወይም ተፈጥሮ አይደለም። አውቶቡስ ነጂው፣ አስታማሚዋና የመደብር ሠራተኛው ከቤት ሆነው መሥራት አይችሉም። በጠባብ ቤት ተጨናንቆ የሚኖር ቤተሰብ የታመመውን የሚለይበት ክፍል የለውም። ያልታከመ የስኳር በሽታና የደም ግፊት ደግሞ ሕመሙን ያከብዳሉ።

ከእነዚህ ይልቅ ብዙም ያልተነገረለት ምክንያት ሐኪም ቤት ውስጥ ይገኛል፤ ጣት ላይ የሚደረገው ፐልስ ኦክሲሜትር ነው። በወረርሽኙ ወራት ይህን መሣሪያ ያላየ ታዳሚ ጥቂት ነው። መሣሪያው ቀይና ኢንፍራሬድ ብርሃን በጣት ውስጥ አሳልፎ ደም ምን ያህል ኦክስጅን እንደተሸከመ ይገምታል። መርሑን በ1970ዎቹ ያገኘው ጃፓናዊው መሐንዲስ ታኩኦ አኦያጊ ነው፤ ያረፈውም ዓለም መሣሪያውን አጥብቆ በፈለገበት በዚያው በኤፕሪል 2020 ነበር። ሥራው የብዙዎችን ሕይወት አትርፏል። ነገር ግን በቆዳ ውስጥ ያለው ቀለም ሰጪው ሜላኒንም ብርሃን ይመጥጣል፤ ስለዚህ መሣሪያው ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ የኦክስጅኑን መጠን ከእውነተኛው አስበልጦ ሊያሳይ ይችላል።

ይህ ጉድለት ገና በ1990 በታተመ ጥናት ታይቶ ነበር፤ ሰሚ ግን አላገኘም። በዲሴምበር 2020 የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መሣሪያው ከ92 እስከ 96 በመቶ ያነበበባቸውን ልኬቶች ከደም ምርመራ ጋር አስተያዩ። እውነተኛው መጠን ከ88 በመቶ በታች ሆኖ የተገኘው በነጮች 3.6 በመቶ፣ በጥቁሮች 11.7 በመቶ በሚሆኑት ልኬቶች ነበር። ኦክስጅንና መድኃኒት የሚታዘዘው ይህን ቁጥር አይቶ በመሆኑ፣ የተሳሳተ ንባብ ሕክምናን ያዘገያል። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2021 ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ በጃንዋሪ 2025 ደግሞ አምራቾች መሣሪያውን የተለያየ የቆዳ ቀለም ባላቸው ብዙ ሰዎች ላይ እንዲፈትሹ የሚያሳስብ ረቂቅ መመሪያ አቀረበ። ጉዳዩ ኢትዮጵያንም ይመለከታል፤ በሆስፒታሎቿ የሚሠራበት ይኸው መሣሪያ ነውና።

መኖሪያ ቤት፣ የሕመም ፈቃድ ከደመወዝ ጋር፣ የጤና መድንና በየሰፈሩ የሚደርስ ክትባት የቀሩት መፍትሔዎች ናቸው። ሁሉም፣ እንደ መሣሪያው ማስተካከያ፣ ከወረርሽኝ በፊት የሚሠሩ ሥራዎች ናቸው፤ በሽታው ከገባ በኋላ ጊዜ አይገኝም።